ምዕራቡን የለካው አናጺ

ባለፈው ዓመት በሐኑካ ሰሞን ማኅበራችን ባዘጋጀው የጥያቄና መልስ ምሽት ላይ ጥያቄዎቹን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ከዓለም አገሮች ሁሉ ወደ ምዕራብ ርቃ የምትገኘው የትኛዋ ናት የሚል ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱ ቡድን ፖርቱጋል አለ፣ ሌላው አሜሪካ አለ፣ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ሞሮኮ ብለው ጮኹ፤ የአገሪቱ የዐረብኛ ስም ራሱ ምዕራብ ማለት ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት አሜሪካን ነበር። ነጥቡን ልሰጥ ስል አንድ የ13 ዓመት ልጅ እጁን አወጣና፣ ከየት ተነስተን ስንቆጥር ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግሥቱ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። አገር ፍለጋ ገብቼ አንድ ሰው ይዤ ወጣሁ። ስሙ ጆን ሃሪሰን ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው፣ ሙያው አናጺነት ነበር። ከሞተ 250 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህ ሰው መርከበኛ በባሕር መካከል ሆኖ ምን ያህል ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምሥራቅ እንደራቀ እንዲያውቅ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ደከመ። ዘንድሮ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ለምን ከባድ እንደነበር ልንገራችሁ። ካርታ ላይ ሁለት ዓይነት መስመሮች አሉ። ኬክሮስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል፤ ኬንትሮስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ። ኬክሮስን ማወቅ ለድሮ መርከበኞች ያን ያህል አያስቸግርም ነበር። ቀን የእኩለ ቀን ፀሐይን ከፍታ፣ ማታ የሰሜን ኮከብን ከፍታ ለክተው ያገኙታል። ኬንትሮስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መሬት ስለምትዞር ያው ፀሐይና ያው ኮከብ በሁሉም አገር ላይ በየተራ ያልፋሉ። ልዩነቱ ያለው የሚያልፉበት ሰዓት ላይ ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ማለት ነው።

ይህን እኮ ከቤታችን እናውቀዋለን። እናቴ ጎንደር ላሉት ዘመዶቿ ከመደወሏ በፊት በጣቷ ትቆጥራለች። በብርዱ ወራት የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ትቀንሳለች። ይህ ግን መንግሥታት የተስማሙበት ሰዓት ነው። ፀሐይ እንዲህ ያለ ስምምነት አታውቅም። ክረምት ከበጋ ጎንደር ላይ እኩለ ቀን የሚሆነው ከኢየሩሳሌም 9 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የጎንደርን የፀሐይ ሰዓት በኪሱ ይዞ ኢየሩሳሌም ቢመጣና እዚህ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ሰዓቱን ቢያይ፣ ከ9 ደቂቃው ልዩነት ተነስቶ ኢየሩሳሌም ከጎንደር 2 ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ እንደምትገኝ ያውቃል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የማይሳሳት ሰዓት።

ያልተገኘውም እሱ ነበር። በዚያ ዘመን ጥሩ የሚባሉት ሰዓቶች በፔንዱለም የሚሠሩ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ደህና ናቸው፣ መርከብ ላይ ግን ማዕበሉ ሲያወዛውዛቸው ይዛባሉ። ሙቀት ብረቱን ያስረዝመዋል፣ ብርድ ያሳጥረዋል። ጥርሶቹ የሚቀቡት ዘይት አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ስለዚህ መርከበኛው የመርከቡን ፍጥነትና አቅጣጫ ይዞ በግምት ይሄዳል። ግምቱ ሲሳሳት ሰው ያልቃል። በጥቅምት 1707 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቨል የሚመሩ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከሜዲትራኒያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ የት እንዳሉ ስተው በሌሊት ከሲሊ ደሴቶች አለቶች ጋር ተጋጩ። 4 መርከቦች ጠፉ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አድሚራሉም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1714፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ አወጣ። ኬንትሮስን በባሕር ላይ እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ አስተካክሎ የሚያገኝበትን ዘዴ ያመጣ ሰው 20,000 ፓውንድ ይሸለማል ተባለ። በጊዜው ይህ አንድን ሰው እስከ ልጅ ልጁ የሚያኖር ገንዘብ ነበር። ዳኝነቱ ለአንድ ቦርድ ተሰጠ፤ በቦርዱ ውስጥ የከዋክብት ተመራማሪዎች፣ የባሕር ኃይል አዛዦችና የፓርላማ ሰዎች ተቀመጡ። ግማሽ ዲግሪ በሰዓት ሲመነዘር 2 ደቂቃ ነው። 6 ሳምንት በሚፈጅ የባሕር ጉዞ ሰዓቱ በቀን ከ3 ሰከንድ በላይ መሳሳት የለበትም ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ሰዓት ሊሠራ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር፤ መልሱን ከሰማይ፣ ከጨረቃና ከከዋክብት ይጠብቁ ነበር።

ጆን ሃሪሰን የተወለደው በ1693 ፎልቢ በምትባል የዮርክሸር መንደር ነው። አባቱ አናጺ ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሙያ ተማረ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ሃምበር ወንዝ አጠገብ ወዳለችው ወደ ባሮው መንደር ሄደ። ትምህርት ቤት በቅጡ የገባ ሰው አልነበረም። አንድ ቄስ ግን በካምብሪጅ ያስተምር የነበረውን የዓይነ ስውሩን የሒሳብ ሊቅ የኒኮላስ ሶንደርሰንን ትምህርት በእጅ የተጻፈ ቅጂ አዋሱት። ሃሪሰን ቁጭ ብሎ ሁሉንም በእጁ ገለበጠው፤ ሥዕሎቹንም ጭምር።

ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ በ1713፣ የመጀመሪያ ሰዓቱን ሠራ። አናጺ ስለሆነ ጥርሶቹን ሳይቀር ከእንጨት አወጣቸው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ብሮክልስቢ በሚባል ቦታ ለአንድ ባለርስት የግንብ ሰዓት ሠራ። ዘይቱ እንደሚያስቸግር ስላወቀ ሰዓቱን ከነጭራሹ ዘይት የማይፈልግ አደረገው፤ የሚፋተጉትን ክፍሎች ራሱ ቅባት ካለው ጠንካራ የሞቃት አገር እንጨት ሠራቸው። ያ ሰዓት ከ300 ዓመት በኋላ ዛሬም ይሠራል። ቀጥሎ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የሙቀቱን ችግር ያዘ። ነሐስ ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይረዝማል። ሁለቱ ወንድማማቾች የነሐስና የብረት ዘንጎችን አፈራርቀው አንዱ ወደ ታች ሲረዝም ሌላው ወደ ላይ እንዲመልሰው አደረጉ፤ የፔንዱለሙ ርዝመት በሙቀትም በብርድም ያው ሆነ።

የሽልማቱ ወሬ መንደሩ ድረስ ደርሶ ነበር። በ1730 ገደማ ሃሪሰን ሥዕሉን ይዞ ለንደን ገባ። የቦርዱ አባል የነበረው ታዋቂው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሊ ተቀበለውና ወደ ሰዓት ሠሪው ወደ ጆርጅ ግራሃም ላከው። ግራሃም በለንደን አንደኛ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ሊንቀው ይችል ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ዋለ፣ በኋላም ከኪሱ ገንዘብ አበደረው። ይህን ያነሳሁት የሃሪሰን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስላስቸገሩት ሰዎች ስለሆነ ነው። በር የከፈተለትም ሰው ነበር።

በ1735 የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት አለቀ። ክብደቱ 34 ኪሎ ያህል ነው፤ በፔንዱለም ፈንታ በሞላ የተያያዙ ሁለት ሚዛኖች አሉት፤ መርከቡ ሲያዘነብል አንዱ የሌላውን ስሕተት ያጠፋል። በ1736 ሃሪሰን ሰዓቱን ይዞ ሴንቱሪየን በምትባል መርከብ ወደ ሊዝበን ተጓዘ። ሲመለስ የተሳፈረው ኦርፎርድ በምትባል ሌላ መርከብ ነበር። ወደ እንግሊዝ ሲቃረቡ የመርከቡ ሰዎች የታያቸውን ምድር ስታርት የሚባለው የባሕር ዳር ጫፍ ነው አሉ። ሃሪሰን በሰዓቱ አስልቶ፣ አይደለም፣ ሊዛርድ ነው አላቸው። ሊዛርድ ከስታርት ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቀርበው ሲያዩት እውነትም ሊዛርድ ሆነ። አናጺው ከመርከበኞቹ ይልቅ ምዕራቡን ያውቅ ነበር።

ቦርዱ ተደሰተ። እዚያው ላይ ይበቃኛል፣ ፈትኑልኝ ማለት ይችል ነበር። ሃሪሰን ግን የሰዓቱን ጉድለት ራሱ አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ የተሻለ ልሥራ፣ ለወጪው 500 ፓውንድ ስጡኝ አለ። ሁለተኛውን ሠራ፤ ሳይፈተን ተወው፣ የንድፉ ስሕተት ታይቶት ነበርና። ሦስተኛውን ያዘ። በሦስተኛው ላይ 19 ዓመት ፈጀ። እስቲ አስቡት፤ እኔ ከተወለድኩ እንኳ 22 ዓመቴ ነው። ያ ሰዓት እሱ በሚፈልገው መጠን አልታዘዝ አለው። ቢሆንም ለሥራው ሲል ያወጣቸው ሁለት ነገሮች ዛሬም በየፋብሪካው አሉ። አንዱ በሙቀት የሚጎብጥ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቅጠል ነው። ሌላው በቀለበት ውስጥ ተይዘው የሚሽከረከሩ ተንከባላዮች ናቸው፤ መካኒኮች ኩሽኔታ የሚሉት ዘመድ ነው።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቀበት ቦታ ነበር። በ1753 ለራሱ መያዣ የሚሆን የኪስ ሰዓት ጆን ጄፍሪስ በሚባል ባለሙያ አሠራ። በዚያ ዘመን የኪስ ሰዓት ጌጥ ነበር፤ ልክነት የሚጠብቅበት ሰው አልነበረም። በሃሪሰን ሐሳብ የተሠራው ይህ ሰዓት ግን ከሚገመተው በላይ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሃሪሰን 60 ዓመቱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሄደበት መንገድ፣ ትልልቅ ሰዓት የመሥራቱ መንገድ፣ ትክክል እንዳልነበረ ገባው። እንደ ገና ጀመረ። በ1759 አራተኛው ሰዓት አለቀ። ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል።

በ1761 መጨረሻ ሰዓቱ ወደ ጃማይካ ተላከ። ሃሪሰን 68 ዓመቱ ስለነበር ልጁ ዊልያም ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ መርከቡ ማዴይራ ደሴትን ሲፈልግ ዊልያም በሰዓቱ አስልቶ ነገ ጧት እናያታለን አለ፤ በማግሥቱ ጧት ታየች። ጃማይካ ሲደርሱ፣ ከ81 ቀን በኋላ፣ ስሕተቱ 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆነ። ሕጉ የፈቀደው 2 ደቂቃ ነበር።

ታዲያ ሽልማቱ ተሰጠው? አልተሰጠውም። ቦርዱ ዕድል ሊሆን ይችላል፣ እንደ ገና ይፈተን አለ። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። 9ኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ፈተና 96 አመጣሁ፤ በማግሥቱ ለብቻዬ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ድጋሚ ፈተኑኝ። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም። ሁለተኛውን 94 አመጣሁ። አባቴ ሲሰማ አልተቆጣም፤ እንኳን ሁለቴ አወቅሽው ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም።

ሃሪሰንም ሁለተኛውን ፈተና ተቀበለ። በ1764 ዊልያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ባርቤዶስ ሄደ። ከ47 ቀን በኋላ ስሕተቱ 39 ሰከንድ ያህል ሆነ፤ ከሚፈለገው ልክ 3 ጊዜ የተሻለ ነው። አሁንስ? አሁን ደንቡ ራሱ ተቀየረ። በ1765 አዲስ ሕግ ወጣ። ሰዓቱን ፈታቶ ምሥጢሩን ለባለሙያዎች ካሳየ የሽልማቱ ግማሽ ይሰጠዋል፤ ቀሪው ግማሽ የሚሰጠው ሌላ ሰው ሰዓቱን መሥራት ሲችል ነው ተባለ። ሃሪሰን ተናዶ ከአንድ ስብሰባ ተነስቶ ወጥቶ ነበር። በመጨረሻ ግን በቤቱ ሰዓቱን እያንዳንዷን ብሎን ፈትቶ አሳየ፣ አስረከበም።

በዚያው ዓመት ኔቪል ማስክሊን የግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ሆነ፤ በኃላፊነቱም የቦርዱ አባል ሆነ። ማስክሊን ኬንትሮስን ጨረቃ ከከዋክብት ያላትን ርቀት በመለካት ማግኘት ይቻላል የሚል ሰው ነበር፤ ማለትም የሃሪሰን ተፎካካሪ ዳኛ ሆነ። በ1766 ሦስቱን ትልልቅ ሰዓቶች ከሃሪሰን ቤት ሊያስወስድ መጣ፤ ሲጭኗቸው የመጀመሪያው ወድቆ ተጎዳ። አራተኛውንም ግሪንዊች ላይ ፈትኖ አይታመንም ብሎ ጻፈ። ለማስክሊንም ግን ፍርድ ይገባዋል። የእሱ ዘዴ ውሸት አልነበረም፤ ያሳተማቸው የጨረቃ ሠንጠረዦች ለረጅም ጊዜ ብዙ መርከቦችን መርተዋል፣ ሰዓት ውድ ነበርና። ስሕተቱ አንድ ሰው ተወዳዳሪም ዳኛም መሆኑ ላይ ነበር።

ሽማግሌው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዓይኑ እየደከመ አምስተኛ ሰዓት ሠራ። በ1772 ነገሩ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ሳይንስ ይወዱ ስለነበር ሰዓቱን በራሳቸው መመልከቻ ለ10 ሳምንት አስፈተኑት፤ በቀን ከአንድ ሰከንድ ሲሶ በላይ አልተሳሳተም። ከዚህ በኋላ ሃሪሰን ቦርዱን ትቶ በቀጥታ ወደ ፓርላማ አቤት አለ። በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ሰጠው። ገንዘቡን በክፍያ በክፍያ አብዛኛውን አገኘ፤ የሽልማቱን አሸናፊነት ግን ቦርዱ እስከ መጨረሻው አልሰጠውም። ሃሪሰን 80 ዓመቱ ነበር። በመጋቢት 1776 ለንደን ውስጥ ሞተ።

ፍርዱ የመጣው ከባሕር ነው። ላርከም ኬንዳል የሚባል ሰዓት ሠሪ የአራተኛውን ሰዓት ግልባጭ ሠርቶ ነበር። ካፒቴን ጄምስ ኩክ ከ1772 እስከ 1775 ባደረገው ጉዞ፣ ከምድር ወገብ ሙቀት እስከ ደቡብ ዋልታ በረዶ ድረስ ይህን ይዞ ዞረ፣ አመስግኖትም ተመለሰ። የሃሪሰን ሰዓቶች በግሪንዊች ተረስተው ዝገው ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሩፐርት ጉልድ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ብዙ ዓመት ደክሞ አደሳቸው። ዛሬ እዚያው ለጎብኚ ይታያሉ። በ2006 ደግሞ ነገሥታት በተቀበሩበት በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ድንጋይ ተደረገለት፤ ድንጋዩ ላይ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ የኬንትሮስ መስመር አለ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ከየት ተነስተን? የሃሪሰን ሰዓት ልዩነቱን ይነግራል እንጂ ዜሮው የት እንደሆነ አይነግርም። ኬክሮስን ተፈጥሮ ሰጥታናለች፤ ምድር ወገብ አለ። የኬንትሮስ ዜሮ ግን የስምምነት ጉዳይ ነው። በጥንት ዘመን ከካናሪ ደሴቶች ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ፈረንሳይ ከፓሪስ፣ እንግሊዝ ከግሪንዊች ትቆጥር ነበር። በ1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ ግሪንዊችን መረጡ። ፈረንሳይ ድምፅ አልሰጠችም፤ የራሷን ሰዓት ከፓሪስ መስመር ያላቀቀችውም በ1911 ነው።

ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ብንቆጥር 180 ዲግሪ ላይ እንቆማለን። ያ መስመር ሩሲያንና የፊጂ ደሴቶችን ይቆርጣል፤ የአላስካ ደሴቶችም ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ተዘርግተዋል። መሬታቸው ምሥራቅም ምዕራብም ስለሆነ እነሱን መመደብ ያከራክራል። ሙሉ በሙሉ በምዕራብ በኩል ካሉት አገሮች በጣም የራቀችው ቶንጋ ናት፤ 175 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትገኛለች። የሚገርመው፣ የቀን መለወጫው መስመር ጎብጦ ስለሚያልፋት ሰዓቷ ከግሪንዊች 13 ሰዓት ይቀድማል። በጣም ምዕራብ ያለችው አገር አዲስ ቀን ከሚቀበሉት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት ማለት ነው። ዜሮውን ጎንደር ላይ ብንተክለውስ? ያኔ መጨረሻው መስመር አላስካን ይሰነጥቃታል፤ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት አሜሪካም ትክክል ለመሆን ይቀርብ ነበር።

ለዘንድሮው ምሽት ጥያቄውን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ፦ ከግሪንዊች ሲቆጠር፣ ሙሉ በሙሉ በምዕራብ በኩል ካሉት አገሮች የትኛዋ ትርቃለች? ባለፈው ዓመት ግን ለዚያ ልጅ ነጥብ ሳልሰጠው ነበር የተለያየነው። የቡድኑን ስም በደብተሬ ይዣለሁ። ዘንድሮ ከመጀመራችን በፊት ነጥቡን እሰጠዋለሁ።